የሞል ማኅበርተኞች

ባለፈው ሳምንት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለች አንዲት የሐበሻ ሱቅ ምስር ልገዛ ገብቼ፣ የጤፍ ዱቄት ከተደረደረበት ጥግ እትዬ ዘነበችን አገኘኋቸው። ዎከራቸውን ተደግፈው፣ በዚያ ሙቀት ካፖርት ደርበው፣ የከረጢቱን ዋጋ እያነበቡ ብቻቸውን ይቆጣሉ። «ሙሉ! አለሽ እንዴ?» አሉኝ። ተሳሳምን፤ ደግመን ተሳሳምን። ጠፋሽ ብለው ወቀሱኝ፣ እኔም መጥፋቴን አመንኩ፤ እዚህ አገር የማይጠፋ ማን አለ? ከጎናቸው አንዲት ረጅም ልጅ ስልኳን እየነካካች ቆማለች። «የልጄ ልጅ ናት» አሉ፣ «ኮሌጅ ገብታለች። ኬሚስትሪ ጀምራ አሁን ያንን ሞል የሚባለውን ነገር ይዘዋል።» ልጅቷ ቀና ሳትል «አይ ሄት ሞልስ» አለች። እትዬ ዘነበች ሳቁ። እኔ ግን ምስሩን እንደያዝኩ ደሜ ፈላ። ሃያ ምናምን ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስንት ነገር አይቼ ስንቱን ረስቻለሁ። ይህችን ቃል ስሰማ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ኬሚስትሪው ምንም አላደረገኝም። የሚያንገበግበኝ የእኛ ነገር ነው።

ያኔ እዚህ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ሐበሻ ብርቅ ነበር። አውቶቡስ ላይ የሐበሻ መልክ ያየ ሰው ወንበሩን ለቆ ሄዶ አጠገቡ ይቀመጣል፤ የማን ልጅ ነህ፣ መቼ መጣህ፣ ሥራ አገኘህ ወይ፣ እኛ ጋ ይቀጥራሉ ይባላል። ዛሬ በዚያው መንገድ ግራና ቀኝ የአማርኛ ጽሑፍ ሞልቷል፣ ሰላምታው ግን የለም። እኔ የምኖረው ዋይንላንድ ፓርክ ነበር። ያኔ የሰፈሩ ስም ሲነሣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ፊታቸውን ያኮሳትሩ ነበር። ከሦስት ሴቶች ጋር ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተን፣ የእያንዳንዳችን የወር ድርሻ ዛሬ ዳውንታውን ለሁለት ቀን መኪና ከሚቆምበት ዋጋ አይበልጥም ብል ልጆቹ ይስቁብኛል። እርግጥ ትንሽ አጋንኛለሁ፣ ግን ብዙ አይደለም። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ ውሻ የሚታጠብበት ሱቅ አለ። እኛ እዚያው ቦታ ላይ ሙቅ ውኃ ሲጠፋ በድስት አሙቀን ነበር የምንታጠበው። ክረምት ሲመጣ ከአሮጌ ልብስ መደብር የምንገዛው ካፖርት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ። አንድ ላይ ስንቆም የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንመስል ነበር። አገር ቤት ለመደወል የስልክ ካርድ በሳንቲም እንፍቃለን፤ ገና «እንዴት ናችሁ» ሳንል ያቺ የማትታይ ሴትዮ መጥታ አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል ትላለች። በመኪናዬ ቴፕ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ የትዝታ ካሴት ነበረኝ፤ ሞተሩን ባስነሣሁ ቁጥር ከዚያው ከመሐሉ ይጀምራል። ከሥራ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ሥራ ያንኑ ግማሽ ዘፈን ስሰማ ከረምኩ፤ መጀመሪያውን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

በዚያ ዘመን ሐበሻውን ሁሉ ይዞት የነበረው አንድ በሽታ ነርሲንግ ነው። አገር ቤት ሒሳብ ሠራተኛ የነበረውም፣ ጸሐፊ የነበረችውም፣ አስተማሪውም፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸገ ነርስ ሊሆን ያስባል። እኔ የማሽገው ጫማ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ጉልበቴ ያብጣል፤ አጠገቤ የሚሠሩትን ትልልቅ ሴቶች እያየሁ እዚያ የሚቆይ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን አውቀው ነበር። የነርሲንግ ክፍሉ ቦታ ሰጥቶኛል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፤ በዚያ መንፈቅ ኬሚስትሪን ቢያንስ በሲ ካለፍኩ ብቻ። ካላለፍኩ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እኔም ተመልሼ ወደ ጫማው። ለክፍሉ ስል የሥራ ሰዓቴን ቀንሼ፣ ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ፣ እናቴን «በሚቀጥለው ዓመት ልጅሽ ነርስ ናት» ብያታለሁ። እንግዲህ በእኔና በነርስነት መካከል የቆመው ያ ኬሚስትሪ ብቻ ነበር።

ኮሌጁ ዳውንታውን ነው። አስተማሪያችን ቀጭን፣ ሹራብ ከላይዋ የማይለይ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ፕሮፌሰር ነበረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ችግሯ ፍጥነቷ ነው። ነገሩን ዛሬ ሳስበው እንዴት ቀላል ነው! አተም በዓይን አይታይም፣ በእጅ አይቆጠርም። ስለዚህ እንደ ደርዘን ያለ መቁጠሪያ አበጁለት። ደርዘን አሥራ ሁለት ነው፤ ሞል ደግሞ ስድስት ብለህ ከኋላው ሃያ ሦስት ዜሮ የምትደረድርለት ቁጥር ነው፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ከዚያ ሚዛን ላይ ታወጣዋለህ፤ አንድ ሞል ካርቦን አሥራ ሁለት ግራም ይመዝናል። ስድስት ግራም ካለህ ለአሥራ ሁለት ታካፍላለህ፣ ግማሽ ሞል ይሆናል። አተሙን ከፈለግህ ያንን ግማሽ በትልቁ ቁጥር ታባዛለህ። ከግራም ወደ ሞል ማካፈል፣ ከሞል ወደ አተም ማባዛት፤ አለቀ። ይህችን ለማወቅ ስንት እንባ ፈሰሰ! ፕሮፌሰሯ ሰሌዳው ላይ እንደ ባቡር ሐዲድ ያለ መስመር ትሰራለች፤ ግራሙን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ትጽፍና እርስ በርሱ ትሰርዘዋለች። እኛ አገር ቤት የተማርነው «ይህ ይህን ከሆነ፣ ያ ስንት ይሆናል» እያሉ አመሳቅሎ ማባዛትን ነው። የእሷን ሐዲድ የፈረንጅ ጌጥ ነው ብለን ተውነው። እንግሊዝኛዋን በልባችን ተርጉመን ቀና ስንል ደግሞ ሰሌዳው ጠፍቷል። እጅ አውጥቶ «ይቅርታ፣ አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ማለት ማንን ገደለ? ያንን ያለ ሐበሻ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ያኔ ነው ማኅበሩ የተመሠረተው። ሐሳቡ የእትዬ ዘነበች ነበር። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ብቻውን የሚያጠናም ብቻውን ይወድቃል» ብለው ክፍል ውስጥ ያለነውን ሐበሾች ሰበሰቡን። አራት ነበርን። እሳቸው፣ እኔ፣ በዲቪ የመጣውና የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የደሴው ልጅ ጀማል፣ እና ከሁላችን የምታንሰው ሂሩት፤ ከመጽሐፍ በቀር ከሰው ጋር ማውራት የማትወድ ዝምተኛ ልጅ። እትዬ ዘነበች ያኔ ሃምሳን አልፈዋል። በሱዳን በኩል ከእኛ በፊት የመጡ፣ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር የራሳቸውን ቤት የገዙ ናቸው። አገር ቤት ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ሰፍተዋል፣ መርፌ ወግተዋል፣ አዋልደዋል። ከመካከላችን አንድ ሰው ሲያተኩሰው ክሊኒክ ከመደወላችን በፊት የምንደውለው ለእሳቸው ነበር። ማኅበሩ እንደ ማንኛውም ማኅበር በየቅዳሜው በየቤታችን ይዞራል፤ ባለ ተራው ቤቱን ይጠርጋል፣ ምግብ ያዘጋጃል፣ የማኅበሩን ነጭ ሰሌዳ ተረክቦ ይወስዳል። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ አብሮ አይበላምና ማኅበራችን ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ሆነ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተራው የጀማል ሲሆን ደግሞ የምስር ሳምቡሳ። «ጀማል ያለ ንስሐ አባት ሁዳዴን ጨረሰ» እያልን እንስቅበት ነበር። እትዬ ዘነበች ቆመው «የተሰወረውን ይግለጥልን» ብለው ይመርቃሉ፣ እኛ አሜን፣ ጀማል አሚን እንላለን፣ ከዚያ ወደ ግራምና ወደ አተም። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በኋላ በዚህ አገር እንደዚያ የሞቀ ቅዳሜ አላየሁም።

የሚያስተምሩን እትዬ ዘነበች ነበሩ። ሌላ ማን ይሁን? በዕድሜ ይበልጡናል፣ በሕክምና ያረጁ ናቸው፣ አነጋገራቸውም ልብ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ነጭ ሰሌዳዋ ፊት ቆመው ደንቡን አወጡልን። «ልጆቼ፣ ሞል ትልቅ ነገር ነው። ወደ ትልቅ ነገር ስትገቡ ትበዛላችሁ፣ ከትልቅ ነገር ስትወጡ ትከፋፈላላችሁ። እንደ ሠርግ ቤት ቁጠሩት። ወደ ሞል መግቢያው ማባዛት፣ ከሞል መውጫው ማካፈል። በቃ!» እንዴት ያለ የሚጣፍጥ ደንብ ነበር! በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፣ ሐዲድ የለው፣ ስርዝ የለው። ግን ከላይ እስከ ታች የተገለበጠ ነበር። ማካፈል ባለብን እናባዛለን፣ ማባዛት ባለብን እናካፍላለን። እኔ ጫማ ሳሽግ በከንፈሬ እደጋግመው ነበር። ጀማልም ለእያንዳንዱ መኪና በር በከፈተ ቁጥር እለዋለሁ ይል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሂሩት «እትዬ… መጽሐፉ ግን…» አለች። እኛ መጽሐፉ ስለሚወደድ ምዕራፉን ብቻ ላይብረሪ ሄደን ኮፒ አድርገነዋል፤ ከኋላ ያለውን መልስ አላነሣነውም። ዋናውን መጽሐፍ ላይብረሪ ተቀምጣ የምታነበው እሷ ብቻ ነበረች። እትዬ ዘነበች ከመነጽራቸው በላይ አዩዋትና «ምን አልሽ የኔ ልጅ?» አሏት፣ ያለ ምንም ቁጣ። ሂሩት ቀላች። ጀማል የዋህ ነው፣ የተጨነቀ ሰው ማየት አይወድም፤ «ይጨርሱ፣ ይጨርሱ፣ በኋላ ትጠይቃለች» አለ። በኋላ ሽሮው መጣ። ሂሩት አልጠየቀችም፣ ማንም ምን ልትይ ነበር አላላትም። ያቺን ደቂቃ ስንቴ መላልሼ አስቤያታለሁ! አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ምን ያህል ጉልበት ይጠይቃል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ የኛ ሰዎች። ይነቅዛል እንጂ! እኛን አንቅዞ ጨርሶናል።

ፈተናው ደረሰ። አብዛኛው ጥያቄ የዚያ የልወጣ ነገር ነበር፤ ይህን ያህል ግራም ስንት ሞል፣ ያን ያህል ሞል ስንት አተም። እኔ ካልኩሌተሬን እየቀጠቀጥኩ ከሁሉ ቀድሜ ጨረስኩ። ከፈተና ወጥቼ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም። በዚያ ቀን እኛ ሦስታችን ጥጋበኞች ነበርን፤ አብረን ሄደን ዶናት በላን። ሂሩት ግን ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱ ሲመለስ የሁሉም ተሰጠ፣ የእኔ፣ የጀማልና የእትዬ ዘነበች ብቻ ቀረ። ፕሮፌሰሯ ቢሮዬ ኑ አለችን። ሂሩት ምን እንደሆነ ስለገባት ሳይጠሯት ተከትላን መጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

ቢሮዋ ጠባብ ነበር። በመስኮቱ በኩል የተከመረ በረዶ፣ በግድግዳው ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ። ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸውና «ማን ከማን ነው የገለበጠው?» አለች። «ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ስህተት ግን እንዴት ይሆናል? የማትነግሩኝ ከሆነ ጉዳዩን ለዲኑ አስተላልፋለሁ፣ ሦስታችሁም ዜሮ ታገኛላችሁ።» ዜሮ ማለት ኬሚስትሪ የለም ማለት ነው፤ ኬሚስትሪ ከሌለ ደግሞ ነርሲንግ የለም። ጀማልን አየሁት፣ እሱ የጫማውን ክር ያያል።

እትዬ ዘነበች የፈጠነ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። «ምን ትላለች?» አሉኝ።

«ትንሽ… ስህተት አለ ትላለች።»

«ነገርሻቸው?» አለችኝ ፕሮፌሰሯ።

«የስ» አልኳት።

«የማን ስህተት?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«የሁላችንም።»

ይኸው ነው እንግዲህ የኔ ትርጉም! ሁላችንንም የሚያድን አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ አልገለበጥንም፣ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው ማለት። ቦታዬ፣ ጉልበቴ፣ ለእናቴ ያልኩት ነገር ሁሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። ግን ባተኮሰኝ ቁጥር የምደውልላቸውን ትልቅ ሰው፣ ቤታቸው ገብቼ የበላሁትን ሰው፣ ፈረንጅ ፊት ቆሜ «ያሳሳቱን እኚህ ናቸው» ልል? አላልኩትም። ጀማልም ያው። ፕሮፌሰሯ ስልኩን ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

ያዳኑን ራሳቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ጎንበስ ብለው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩና ፊታቸው በራ። «ታዲያ ይህ ምን ያስቆጣታል? አንድ ዓይነት የሆነው እኮ እኔ ስላስተማርኳቸው ነው!» ብለው፣ እኔን ትተው ደረታቸውን ነፍተው ወደ ፕሮፌሰሯ ዞሩ። «አይ ቲች። ዴይ ስቱደንት። ሴም ቲቸር፣ ሴም አንሰር።»

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ ጠመኔ አንሥታ ሰጠቻቸው። እትዬ ዘነበች ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንደ ቅዳሜው አድርገው ሠሩት። ስድስት ግራም ካርቦን፣ ወደ ሞል መግቢያው ማባዛት፣ ስድስት ሲባዛ በአሥራ ሁለት፣ ሰባ ሁለት ሞል። ፕሮፌሰሯ አላቋረጠቻቸውም፤ ጨርሰው ዞር ሲሉ «ስድስት እንቁላል ቢኖርሽ ስንት ደርዘን ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ይህን መተርጎም አላቃተኝም።

«ግማሽ ነዋ!» አሉ እትዬ ዘነበች፣ በጥያቄው ቂልነት እየተገረሙ።

«በዚያ ደንብ ሥሪው በያቸው።»

ጠመኔውን አነሡ። ስድስት፣ ማባዛት፣ አሥራ ሁለት። እጃቸው ሰሌዳው ላይ ቆመ። ፕሮፌሰሯ የመጨረሻውን መልሳችንን በጣቷ አሳየችን፤ የአተሙን ቁጥር። ዜሮ ነጥብ፣ ከዚያ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ዜሮ፣ ከዚያ አንድና ሁለት። «ስድስት ግራም ካርቦን ማለት የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ከሰል ነው» አለች፣ ረጋ ብላ። «እናንተ ሦስታችሁ በዚያ ከሰል ውስጥ አንድ ሙሉ አተም እንኳ የለም ብላችኋል።» ብዙ ዜሮ መኖር እንዳለበት እናውቃለን፣ ብዙ ዜሮ አይተን ደስ ብሎናል። ዜሮዎቹ ያሉት ከነጥቡ በስተየት እንደሆነ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ያንን ቁጥር ስጽፍ ከሰል ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ቁጥር ነበር፣ ቁጥሩን ጻፍኩት።

እትዬ ዘነበች አላለቀሱም፣ አላፈሩምም። «ደንቡን ገልብጬዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ሂሩትስ?» አሉ። ያቺ ልጅ ከእኛ ጋር አለመጠራቷ ያኔ ነው የታወቃቸው። በሩን ከፍተው ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

«አንቺ እንዴት ሠራሽው?»

«በመጽሐፉ ነው፣ እትዬ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎን እኔ እንዴት አርማለሁ፣ እትዬ?»

እትዬ ዘነበች ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉት ፈረንጆች ቆመው አዩን። «ጤና ጣቢያ ሳለሁ» አሉ፣ «የመርፌውን መጠን ተሳስቼ ልወጋ ስል ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ናት እጄን ይዛ ያስቆመችኝ። በሽተኛው ፊት፣ እጄን ያዘች! ያከበረችኝ እሷ ናት። እናንተ እትዬ እትዬ አላችሁኝ፣ ሽሮዬን በላችሁ፣ ገደል ስገባ ጊዜ ከኋላ ከኋላዬ ተከተላችሁ! ይሄ ነው አክብሮታችሁ? አንድ ሰው ‹ተሳስተዋል› የሚለኝ ጠፋ?» ጀማል አለቀሰ። እኔ ግን ያኔም ከማልቀስ ይልቅ ተናደድኩ፤ በሂሩት፣ በጀማል፣ በሽሮው፣ በይሉኝታችን ሁሉ።

ፕሮፌሰሯ ነገሩ ገባት። በሳምንቱ ለሦስታችን ሌላ ፈተና እሰጣለሁ አለች፤ በዚያው ቀን ሐዲዷን አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣ አስረዳችን። ቅዳሜ ማኅበሩ እትዬ ዘነበች ቤት ነበር። ሂሩትን ጎትተው ከሰሌዳዋ ፊት አቆሟት፣ ራሳቸው ከእኔ ጎን ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ አዲስ ሕግም አወጡ፤ ስህተት ሰምቶ ዝም ያለ የማኅበሩን ሳህን ያጥባል። ሁልጊዜ የሚያጥበው ጀማል ነበር። ሂሩት ደግሞ ለማረም አፏን በከፈተች ቁጥር «ይማሩኝ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብላ ስትጀምር ደቂቃው ያልቃል። «ይቅርታሽን ኪስሽ ክተቺና ስህተቴን ንገሪኝ!» ይሏታል። በድጋሚው ፈተና ሦስታችንም አለፍን። እትዬ ዘነበች እንዲያውም ከእኔ በልጠው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ኬሚስትሪ ግን አንዱ ምዕራፍ በሌላው ላይ የሚሠራ ቤት ነው። ሌላው ክፍል ወደፊት ሲሄድ እኛ የተገለበጠውን ደንብ እየሸመደድን ያባከንናቸው ሳምንታት አልተመለሱም። እኔና ጀማል በወጣት ጭንቅላት እየሮጥን ደረስንበት። እትዬ ዘነበች ቀን የሆቴል ክፍል እያጸዱ፣ ማታ የልጆቻቸውን ራት እያበሰሉ ሊደርሱበት አልቻሉም። መንፈቁ ሲያልቅ እኔ ሲ፣ ጀማል ቢ፣ እሳቸው ዲ። ለሲ የጎደላቸው እዚህ ግባ የማይባል ነጥብ ነበር። እሳቸውም እንደ እኔ በቅድመ ሁኔታ የያዙት የነርሲንግ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ድገሙት ብንላቸው «እኔን ዕድሜዬ አይጠብቀኝም» ብለው ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር ከፈቱ፤ በየፈረቃው የምንሮጠውን የነርስ ተማሪዎች ልጆች ሁሉ ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ከመካከላችን ነርስ ለመሆን የተፈጠረ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ሂሩት ያቺን የጀመረቻትን ዓረፍተ ነገር በዚያ ቅዳሜ ጨርሳት ቢሆን፣ ወይም ከሦስታችን አንዳችን «ቆይ፣ ልጅቷ ምን ልትል ነው?» ብንል፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ነርስ እሳቸው በሆኑ። ይህን ነው የማልውጠው።

ሆስፒታል ከገባሁም በኋላ ይህ ነገር አልለቀቀኝም። ያገራችን በሽተኛ መድኃኒቱ እያቅለሸለሸው ዶክተሩን «እሺ፣ ደህና ነኝ» ይለዋል፤ ዶክተሩ ሲወጣ ለእኔ በአማርኛ ይነግረኛል። አዲስ የመጡ የኛ ልጆች አብረውኝ ሲሠሩ የተሳሳተ ነገር ሳነሣ እያዩ ዝም ይላሉ። «ተናገሪ!» እያልኩ እጮህ ነበር። «እሺ፣ እትዬ» ይሉኛል። እትዬ ሆኜላቸዋለሁ እኮ! ምን ላድርግ? እነዚህ እዚህ የተወለዱት እንኳን ይሻላሉ፤ ጥያቄውን በስልካቸው ፎቶ ያነሡታል፣ ስልኩ ስህተታቸውን ፊት ለፊት ይነግራቸዋል። ስልኩ ትልቅ ሰው አያውቅ፣ ሽሮ አልበላ፣ ምን ይሉኝታ አለበት?

ይህን ሁሉ የማስበው እዚያው ሱቅ ውስጥ ከጤፉ አጠገብ ቆሜ ነው። እትዬ ዘነበች የልጅ ልጃቸውን ክንድ ነካ አደረጓት። «ስልክሽን አስቀምጪ። ይቺን ሴትዮ ታያለሽ? ነርስ ናት። ኬሚስትሪ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሏት። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ዓይኗን በእሳቸውና በእኔ መካከል አመላለሰችና «ሪሊ? ግራንድማ ቶት ዩ ኬሚስትሪ?» አለችኝ። እትዬ ዘነበች እኔን ትኩር ብለው ያያሉ። ሰማንያ የሞላቸው ሴት፣ ዎከር ይዘው፣ በልጅ ልጃቸው ፊት። ምን ልበል?

«አዎ» አልኩ፣ «ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

የእትዬ ዘነበች ፈገግታ ከፊታቸው ጠፋ። ዎከራቸውን መሬቱ ላይ ደቅ አደረጉት፤ ባለ ሱቁ ቀና ብሎ አየን።

«ያን ጊዜም ዝም፣ ዛሬም ዝም! ‹ገልብጠው አስተምረውኝ በዜሮ ሊያስቀሩኝ ነበር› በያት እንጂ! ልጅቷ እኮ ነገ እኔን ደንቡን ልትጠይቀኝ ነው። ሙሉ፣ ‹ተሳስተዋል› ለማለት እኔ ስንት ዓመት እስኪሞላኝ ነው የምትጠብቂው?»